ድምፅም እንደ ማሳ ድንበር ይገፋል!

(በወላይታ ሶዶ ለተሰበሰቡ ወጣቶች፣ መምህራንና የአገር ሽማግሌዎች በአንድ ነፃ ጋዜጠኛ የተደረገ ንግግር ሙሉ ቃል)



እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ዲፕሎማዬን ይዤ ከአንዱ ጋዜጣ ወደ ሌላው እየተሯሯጥኩ የምጽፍ ሰው ነኝ። ስለዚህ አንቀጽ ስጠቅስ ብሳሳት መድረኩ ላይ ያሉት የሕግ ባለሙያዎች ያርሙኝ። ነገር ግን ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ለሕግ ሰዎች ብቻ የሚተው አይደለም። ምክንያቱም ጉዳዩ የድንበር ጉዳይ ነው። የድንበርን ነገር ደግሞ ለወላይታ ሰው ማስተማር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

እስቲ እንጠያየቅ። በዚህ ዞን አንድ ገበሬ ስንት መሬት አለው? አብዛኛው ግማሽ ሄክታር አይሞላም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ 1 ሚሊዮን ተኩል ያህል ነበር፤ በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ከ300 ሰው በላይ ማለት ነው። ታዲያ እንዲህ በተጣበበ መሬት ላይ ጎረቤት በማታ ተነሥቶ አንዲት ፈር ብቻ ወደ እንሰትህ ገፋ አድርጎ ቢያርስ ምን ይሆናል? ሽማግሌ ይቀመጣል። የድንበር ድንጋዩ ይፈለጋል። “ይህ ድንጋይ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ እዚህ ነበር” የሚል ምስክር ይጠራል። ድንበር ገፊ በአገራችን ከሌባ የማይሻል ሰው ነው። ሌባ ዶሮ ቢወስድ ዶሮዋ ትሄዳለች፤ ድንበር ገፊ ግን የሚወስደው የልጅ ልጅህን ድርሻ ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው ነው። የማሳህን ድንበር የገፋውን ሰው ለሽማግሌ ታቆመዋለህ። የድምፅህን ድንበር የገፋውንስ?

ድምፅ እንዴት ይገፋል?

ነገሩ ለሰሚው እንቆቅልሽ ይመስላል። ድምፅ ማለት ወረቀት ነው፤ ወረቀት ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ይቆጠራል፤ አለቀ። ኮሮጆ ካልተገለበጠ ምን ሊሆን ይችላል? የሚሉ አሉ።

እንግዲያው አንድ ምሳሌ ልስጥ። 15 አባወራ ያለበት መንደር አለ እንበል። 9ኙ “መጀመሪያ ውሃ ይግባልን” ይላሉ። 6ቱ ደግሞ “የለም፣ መጀመሪያ መንገድ” ይላሉ። በግልጽ ቢቆጠር ውሃ ያሸንፋል። አሁን ግን አንድ ብልጥ ሰው መጥቶ መንደሩን ለሦስት ይከፍለዋል፤ በየክፍሉ 5 አባወራ። በመጀመሪያው ክፍል ውሃ ፈላጊዎችን ብቻ 5 አድርጎ ያጭቃቸዋል። የቀሩትን 4 ውሃ ፈላጊዎች ሁለት ሁለት አድርጎ ይበትናቸውና በየክፍሉ 3 መንገድ ፈላጊ ይጨምርባቸዋል። ውጤቱስ? ውሃ በአንድ ክፍል አሸነፈ፤ መንገድ በሁለት ክፍል አሸነፈ። 6 ሰው 9 ሰው ገዛ! ኮሮጆ አልተነካም፣ ታዛቢ አልተባረረም፣ የተሰረዘ ስም የለም። መስመር ብቻ ነው የተሰመረው።

ይህን ጥበብ እኛ አልፈጠርነውም። እ.ኤ.አ. በ1812 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ገዥ የነበረው ኤልብሪጅ ጌሪ ለፓርቲው የሚያመች የምርጫ ክልል አከላለል በፊርማው አጸደቀ። ከተከለሉት አንዱ ቅርጹ ተጥመልምሎ እንሽላሊት የሚመስለውን ሳላማንደር የተባለ ፍጥረት መሰለ። ጋዜጦች የሰውየውንና የእንስሳውን ስም አዳቅለው “ጌሪማንደር” አሉት። ስሙ እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ከዚህ ጣጣ አልወጡም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው “ፓርቲዎች ለራሳቸው አድልተው ክልል ማስመራቸውን የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሊዳኙት የሚችሉት ጉዳይ አይደለም” ብሎ በአንድ ድምፅ ብልጫ እጁን ታጥቧል።

ሕገ መንግሥቱ ምን ይላል?

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከ550 አይበልጡም ይላል። ከነዚህ ውስጥ ቢያንስ 20 ወንበር ለአናሳ ብሔረሰቦች የተጠበቀ ነው። አንቀጽ 103 ደግሞ የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል ይላል፤ በቆጠራው ውጤት መሠረት ምርጫ ቦርድ ረቂቅ ያቀርባል፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የምርጫ ክልሎችን ወሰን ይወስናል። ወረቀቱ ላይ ነገሩ መልካም ነው። ቁጠር፣ ከዚያ አስምር።

ተግባሩስ? ቆጠራ በ1987 ተደረገ፤ ቀጥሎ በ1999 ተደረገ። አራተኛው በ2010 ይደረጋል ተባለ፣ ተራዘመ፤ በ2011 ይደረጋል ተባለ፣ ዳግመኛ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። የ2013ቱ ምርጫ የደረሰው አዲስ ቆጠራ ሳይኖር ነው። የ1999ኙ ቆጠራ ከተደረገ በኋላስ ወንበሩ እንደገና ተደለደለ? አልተደለደለም! በ1987ቱ ምርጫ 547 ወንበር በክልሎች መካከል እንደተከፋፈለ ቀረ። እንግዲህ ስድስት ጊዜ መርጠናል፤ በ1987፣ በ1992፣ በ1997፣ በ2002፣ በ2007 እና በ2013። የተወለደው አድጎ አገባ፣ ወለደ፤ ክፍፍሉ ግን ያው ነው።

ቁጥሩን ራሳችሁ አስሉት። የ1999ኙን ቆጠራ በወንበር ስታካፍሉት በአገር ደረጃ ለአንድ ወንበር 135 ሺህ ያህል ሰው ይደርሳል። ትግራይ በ38 ወንበር፣ ለአንድ ወንበር 114 ሺህ ያህል። አዲስ አበባ በ23 ወንበር፣ 119 ሺህ ያህል። አማራ በ138 ወንበር፣ 125 ሺህ ያህል። ኦሮሚያ በ178 ወንበር፣ 153 ሺህ ያህል። ሶማሌ በ23 ወንበር፣ 193 ሺህ ያህል! አንድ የጂጂጋ ሰው ድምፅ ከአንድ የመቀሌ ሰው ድምፅ በግማሽ ሊያንስ ምንም ያህል አልቀረውም ማለት ነው። ይህን ስል ትግራይ ላይ ጣቴን ለመቀሰር አይደለም፤ ክፍፍሉን በቆጠራው ልክ የማስተካከል ግዴታ የነበረበት በወቅቱ ሥልጣን የያዘው ክፍል ነው።

እውነቱን ለመናገር ደግሞ በዚህ ስሌት እኛ ደቡቦች አልተጎዳንም። የቀድሞው ደቡብ ክልል በ123 ወንበር፣ ለአንድ ወንበር 122 ሺህ ያህል ሰው ነበረው። ታዲያ ምን አነጫነጨህ? የሚለኝ ይኖራል። የሚያነጫንጨኝ ሌላ መስመር ነው። የወላይታ ሕዝብ ድንበር የተገፋው በምርጫ ክልል መስመር ሳይሆን በአስተዳደር ካርታ መስመር ነው።

ካርታ በላያችን ሲለዋወጥ

አባቶች ታሪኩን ከኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. ድል ከሆነ ወዲህ ይህ ሕዝብ ካርታውን ራሱ አስምሮ አያውቅም። በንጉሡ ዘመን አውራጃ ሆኖ ከሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበር። በደርግ መጨረሻ፣ ኢሕዲሪ ሲመሠረት፣ ከጋሞና ከጎፋ ጋር ተደርቦ ሰሜን ኦሞ ተባለ፤ መቀመጫውም አርባ ምንጭ ሆነ። ኢሕአዴግ ገባ። በሽግግሩ ዘመን በደቡብ ከክልል 7 እስከ ክልል 11 አምስት ክልሎች ነበሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ ተጨፍልቀው አንድ ክልል ሆኑ። ሰሜን ኦሞም ዞን ሆኖ ቀጠለ። አንድም ጊዜ “ምን ትላላችሁ?” ተብለን አልተጠየቅንም።

ከዚያ ወጋጎዳ መጣ። ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ ቋንቋቸው ተቀይጦ በአንድ ስም የመማሪያ መጽሐፍ ታተመ። እኔ ያኔ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። መጽሐፉን ቤት ወስጄ ለአያቴ አነበብኩላት። አያቴ ፊደል አታውቅም፤ ቋንቋዋን ግን ታውቃለች። አንድ ገጽ አዳምጣ “ይህን የሚናገሩት የት አገር ሰዎች ናቸው?” ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ተቃውሞው ተነሣ፤ ትምህርት ቆመ። በዚህች ከተማ ጥይት ተተኮሰ፣ ሰው ሞተ፣ ሰው ታሰረ። መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ። በ1993 ዓ.ም. ሰሜን ኦሞ ፈረሰና ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ፤ ጋሞ ጎፋና ዳውሮም እንደዚሁ። በጽሑፍ የቀረበ አቤቱታ ያላገኘውን መልስ የሞቱ ልጆች አገኙት። ይህ ለመንግሥትም ለሕዝብም ክፉ ትምህርት ነው!

ሁለት ሦስተኛ፣ አንድ ዓመት

አንቀጽ 47 ግልጽ ነው። አንድ ብሔር ክልል ልሁን ካለ ጥያቄው በምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጸድቃል። ለክልሉ ምክር ቤት በጽሑፍ ይቀርባል። የክልሉ ምክር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል። በቃ።

የወላይታ ዞን ምክር ቤት በታኅሣሥ 2011 ጥያቄውን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ፣ አቀረበ። አንድ ዓመት ሞላ፤ ሕዝበ ውሳኔ የለም። በታኅሣሥ 2012 የሶዶ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ በሰላም ጠየቀ፣ በሰላም ተመለሰ። መልስ የለም። ሲዳማ ግን በኅዳር 2012 ድምፅ ሰጥቶ ክልል ሆነ፤ እንኳን ሆነ! እሱም ቢሆን ከደም በኋላ ነው። በነሐሴ 2012 መጀመሪያ የዞኑ ባለሥልጣናት፣ ሽማግሌዎችና የፓርቲ ሰዎች ስብሰባ ላይ እንዳሉ ታሰሩ። በሶዶና በቦዲቲ ተቃውሞ ተነሣ፣ ከ10 በላይ ሰዎች በጥይት ተገደሉ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ልጁን የቀበረ አባት ሊኖር ይችላል። ከሱ ፊት ቆሞ ስለ “አከላለል ጥናት” ማውራት ያሳፍራል። ግን እናውራ፤ ካላወራን ይደገማል።

ርግብና ጎጆ

በ2014 ማብቂያ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ወላይታን፣ ጋሞን፣ ጎፋን፣ ደቡብ ኦሞን፣ ጌዴኦንና ኮንሶን፣ እንዲሁም ደራሼን፣ አማሮን፣ ቡርጂን፣ አሌንና ባስኬቶን በአንድ አድርጎ ሕዝበ ውሳኔ ይካሄድ አለ። ስድስት ዞንና አምስት ልዩ ወረዳ ማለት ነው። “ክላስተር” የሚለውን ቃል የሁምቦ ገበሬ ሁሉ የለመደው ያኔ ነው። ጥያቄው የቀረበው በየዞኑ ምክር ቤቶች ፈቃድ ነው ተባለ። የኛም ዞን ምክር ቤት እጁን አውጥቷል። በ2011 ለብቻ ክልል እንሁን ብሎ የወሰነው ምክር ቤት በ2014 በጋራ እንሁን ሲል በመሐል ሕዝቡን ማን ጠየቀው?

ጥር 29 ቀን 2015 ድምፅ ተሰጠ። ሁምቦ ያለችው አክስቴ ከጣቢያው ስትመለስ አገኘኋት። “ሁለት ሥዕል ሰጡኝ፤ ርግብና ጎጆ” አለችኝ። ርግቧ አዲሱን የጋራ ክልል እደግፋለሁ ማለት ነው፣ ጎጆው ደግሞ አልደግፍም፣ በነባሩ ክልል እቀጥላለሁ ማለት ነው ብዬ አስረዳኋት። ቆም ብላ አሰበችና “ታዲያ የኛ የቱ ነው?” አለች።

ወገኖቼ፣ ከዚህ ጥያቄ የበለጠ ትንታኔ እኔ የለኝም። ሕዝቡ ለዓመታት የጠየቀው ሦስተኛ ነገር ነበር። ሦስተኛው ሥዕል ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ጌሪማንደር የግድ በካርታ ላይ ብቻ አይሰመርም፤ በጥያቄው ውስጥም ይሰመራል። ሰውየው “ሻይ ትፈልጋለህ ወይስ ቡና?” ሲልህ ምግብ የጠየቅከውን ያስረሳሃል።

ከዚያም የባሰ መጣ። ምርጫ ቦርድ በሌሎቹ ዞኖችና ልዩ ወረዳዎች ውጤቱን ሲያጸድቅ በወላይታ በተፈጸመው የሕግ ጥሰት ምክንያት የዞኑን ውጤት ሰረዘ። ይህን በማድረጉ ቦርዱ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ተቃዋሚ ስለሆንን ብቻ መልካሙን አንደብቅም። ሰኔ 12 ቀን 2015 እንደገና ድምፅ ተሰጠ። አሁንም ርግብና ጎጆ! የቀሩት ሁሉ ወስነው ካለቁ በኋላ፣ ወላይታ “አይሆንም” ቢል እንኳ ነባሩ ክልል በየቱ ሊቀጥል ነው? ርግቧ አሸነፈች። በነሐሴ 2015 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል 12ኛው ክልል ሆኖ ተመሠረተ። ሶዶ የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች፤ ቢሮዎቹ ለአርባ ምንጭ፣ ለዲላ፣ ለሳውላ፣ ለካራትና ለጂንካ ተከፋፈሉ።

የሌላውም ወገን ቃል ይሰማ

ፍርድ ያለ ሁለት ወገን አይሆንም። በጋራ መሆኑን የሚደግፉ ሰዎች የሚሉት አላቸው። ለየብሔሩ ክልል ከተሰጠ አገሪቱ ስንት ክልል ልትሸከም ነው? ይላሉ። የትንሹ ሕዝብ በጀት ለቢሮክራሲ ደመወዝ ያልቃል ይላሉ። ይህ ቀልድ አይደለም። አሌና ቡርጂ ደግሞ “ወላይታ በቁጥር ይውጠናል” ብለው ቢሰጉ አልፈርድባቸውም። እኛ ትናንት በትልቁ ክልል ውስጥ የፈራነውን ዛሬ ሌላው እኛን ይፈራል። ደግሞም ሶዶ መቀመጫ በመሆኗ ከተማዋ የምታገኘው ጥቅም አለ፤ ልካድ ብል ሻይ ቤቱ ሁሉ ይታዘበኛል።

መልሴ ግን ይህ ነው። በጋራ መኖር ጥሩ ከሆነ ለምን በግልጽ አልተጠየቅንም? ሦስት ሥዕል ቀርቦ ሕዝቡ ርግቧን ቢመርጥ ኖሮ ዛሬ ይህ ንግግር ባላስፈለገ ነበር። ቅሬታው የሚሞተው ጥያቄው በሐቅ ሲጠየቅ ነው። በወጋጎዳ ጊዜም አንድነት ጠልተን አልነበረም፤ ሳንጠየቅ መቀየጣችንን ነው የጠላነው።

ሜዳውን ማን ያስምር?

እንግዲህ ሥሩ እዚህ ላይ ነው። የምርጫ ክልልንም ሆነ የክልል ጥያቄን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። አባላቱን የሚመርጡት የክልል ምክር ቤቶች ናቸው። የክልል ምክር ቤቶችን የያዘው ማነው? ገዢው ፓርቲ። በ2007ቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር እንደጠረጉት አንረሳም። ስለዚህ ተጫዋቹ ራሱ ሜዳውን ያሰምራል፣ ራሱ ጎሉን ያጠብባል፣ ራሱ ያፏጫል። የወንበር ቁጥርም መሣሪያ ነው። ከ1997ቱ ምርጫ ድንጋጤ በኋላ በ2000ው የአካባቢ ምርጫ የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 አባል እንዲኖረው ተደረገ፤ በአገር ደረጃ ከ3 ሚሊዮን በላይ ወንበር! ተቃዋሚው ያን ያህል ዕጩ ከየት አባቱ ያመጣል?

ጎረቤታችን ኬንያ ከ2000ው የምርጫ ደም በኋላ በአዲሱ ሕገ መንግሥቷ ምን አደረገች? 290 የምርጫ ክልል ወሰነች። አከላለሉን ለነፃ ኮሚሽን ሰጠች። ከአማካዩ የሕዝብ ቁጥር የሚፈቀደው ልዩነት ለከተሞችና ሕዝብ ለሳሳባቸው አካባቢዎች 40 በመቶ፣ ለሌላው 30 በመቶ ብላ በሕገ መንግሥት ጻፈች። ያልተስማማ ማንም ዜጋ በ30 ቀን ውስጥ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ሁሉ ሠምሮላታል አልልም፤ በ2016 ዓ.ም. ኮሚሽነሮች ሳይሾሙ ቀርተው የአከላለል ክለሳው ቀነ ገደብ አልፏታል። ቢሆንም ዜጋው የሚከስበት ወረቀት አለው። እኛስ?

ስለዚህ እኔ የምጠይቀው አራት ነገር ነው።

1ኛ፦ ቆጠራው ይደረግ። ያልተቆጠረ ሕዝብ ድርሻው አይታወቅም። ቆጠራውም ከካድሬ እጅ ይውጣ።

2ኛ፦ የምርጫ ክልል አከላለል ከፓርቲ ሰዎች ይውጣና ለነፃ አካል ይሰጥ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚያጸድቀው ረቂቅ ቢቀይር ለምን እንደቀየረ በጽሑፍ ይግለጽ።

3ኛ፦ ካርታው ከመጽደቁ በፊት በየወረዳው ይለጠፍ። በዚህ ዞን 7 የነበሩት ወረዳዎች ተከፋፍለው በ1999 12 ደርሰዋል፤ ዳሞት ጋሌ ዳሞት ፑላሳን፣ ቦሎሶ ሶሬ ቦሎሶ ቦምቤን ወልደዋል። ወረዳው ሲወልድ የምርጫ ክልሉ ምን እንደሚሆን መራጩ የሚያውቀው ወረፋ ላይ ቆሞ መሆን የለበትም።

4ኛ፦ ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ የሕዝቡ ጥያቄ ራሱ ወረቀቱ ላይ ይውጣ። ምክር ቤቱ የጠየቀውን ትቶ ያልጠየቀውን አማራጭ ማቅረብ ይቁም።

ይህ ሁሉ ሕገ መንግሥት ማፍረስ አይደለም። አብዛኛው ያለውን ማክበር ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ለእናንተ የምለው አንድ ነገር አለ። ድንጋይ አታንሡ። ድንጋይ ያነሣነው እያለን የተቀበሩትን ቆጥረናል። የምታነሡት ድንጋይ የድንበር ድንጋይ ይሁን፤ የት እንደነበረ የሚያውቅ ምስክር ሁኑ። ቀኑን ጻፉ፣ ቁጥሩን ያዙ፣ ወረቀቱን አስቀምጡ። ድንበር ገፊ የሚፈራው ጉልበተኛን አይደለም፤ የሚፈራው ድንጋዩ የነበረበትን ቦታ የሚያስታውስ ሽማግሌን ነው።

አክስቴ አሁንም ስታገኘኝ “የኛ የቱ ነበር?” ትለኛለች። የምመልስላት የለኝም። የሚመልስላት ካለ፣ መድረኩ ይኸው፣ ጋዜጣውም ይኸው።